ሰው ጅብ ይሆናል ስለሚለው እምነትና ስለ ባለ እጁ ርስት

መግቢያ

ሰው መልኩን ለውጦ አውሬ ይሆናል የሚለው እምነት በአንድ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። የግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ኔውሪ ሕዝብ ሲጽፍ፣ ከእነርሱ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ተኩላ ይሆናል መባሉን ካወሳ በኋላ፣ ነጋሪዎቹ ቢምሉለትም እርሱ ግን እንዳላመነ ገልጿል። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ አቅራቢያ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ሰው ተኩላ እየሆነ ሰው ገደለ ተብሎ በ1589 በፍርድ ተገድሏል። በአገራችን ደጋማ ክፍል ይህን የመሰለው ነገር የሚነገረው ስለ ተኩላ ሳይሆን ስለ ጅብ ነው። ጅብ ይሆናል የሚባለውም ሰው ሁሉ ሳይሆን ቡዳ የተባለው ነው፤ ቡዳ ተብሎ የሚጠረጠረው ደግሞ በብዙ ሥፍራ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና ሸማኔው ነው።

ይህ ጽሑፍ ሰው በእውነት ጅብ ይሆናል ወይስ አይሆንም በሚለው ክርክር አይገባም፤ የማይሆን መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። በማረሻ የሚያርስ ሕዝብ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ለይቶ አውሬ ይሆናል ያለው ስለ ምንድን ነው? የዚህን መልስ ከጅቡ ጠባይ ይልቅ በባለ እጁና በመሬት መካከል በነበረው ግንኙነት ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ መለወጡ የሚነገረው

ቡዳ በዓይኑ ሰውን የሚበላ ኃይል አለው ይባላል። ኃይሉ በትምህርት የሚገኝ ሳይሆን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ሰው ሲበላ ቢያይ፣ ያማረ ሕፃን ወይም የሰባ ከብት ቢመለከት፣ ያ የታየው ይታመማል፤ ይከሳል፤ ይሞታልም ይባላል። ስለዚህ ምግብ ይከደናል፤ ሕፃን ይሸፈናል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ይያዛል፤ ክታብም በአንገት ይታሰራል። በግእዝ የተጻፉት የክታብ ጸሎቶች ቡዳን ከዛርና ከዓይነ ጥላ ጋር አብረው ይጠሩታል።

የመለወጡ ነገር በብዙ ሥፍራ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። ሌሊት ሰው በተኛ ጊዜ ቡዳው ልብሱን ጥሎ በአመድ ላይ ይንከባለላል፤ ከአመዱም ጅብ ሆኖ ይነሣል። አመዱ የማንኛውም ቤት አመድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አመድና ከሰል ሁልጊዜ የማይጠፋበት ቤት የቀጥቃጩ ቤት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጅቡ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል።

ከዚህ መሠረት ላይ የተነሡት ተረቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው የቁስል ተረት ነው። አንድ ሰው ሌሊት ጅብ በጦር እግሩን ይወጋል፤ በማግሥቱ የመንደሩ ቀጥቃጭ አንካሳ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው የጉትቻ ተረት ነው፤ የተገደለው ጅብ በጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ተገኘበት ይባላል። ሦስተኛው የሬሳ ተረት ነው። ቡዳው ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል፤ የወሰደውንም ሬሳ አንዳንዴ ይበላዋል፣ አንዳንዴም አስነሥቶ ሌሊት ሌሊት ያሠራዋል ይባላል።

በቡዳ ተበላ የተባለው ሕመምተኛም የዚሁ ለውጥ ተካፋይ ይሆናል። እንደ ጅብ ይጮኻል፤ አመድና ቆሻሻ ልብላ ይላል። አዋቂ ተጠርቶ ጢስ ያጤስበታል፤ ማን ነህ፣ የት አገኘኸው፣ ለምን በላኸው እያለ ያስለፈልፈዋል። ሕመምተኛውም በቡዳው አንደበት መልስ ይሰጣል። የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከመልሱ ጋር የአንድ ጎረቤት ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራውም ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ መከላከያ የለውም። ሌሊቱን በቤቱ ተኝቶ አድሮ ነበር ቢባል፣ የተኛው ሥጋው ነው ይሉታል። ስለዚህ ጅብ ስለ መሆን የሚነገረው ታሪክ የክረምት ማታ ማጫወቻ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚደበደብበት፣ ከመንደር የሚባረርበት፣ ልጆቹም ከማንም ጋር እንዳይጋቡ የሚደረግበት ክስ ነበር።

በ1974 ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለው ተመራማሪ በመንዝ ስለ ቡዳ ያጠናውን ሲያሳትም አንድ የትውልድ ተረት ጨምሮ አቅርቧል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ፈርታ አሥራ አምስቱን ደበቀች። የታዩት ተመረጡ፤ የተደበቁት ተረገሙ። ከተረገሙት መካከል ምሕረት የለመኑት ቀበሮና ጥንቸል፣ ሌላም የዱር እንስሳ ሆኑ፤ ሰው ሆነው የቀሩት ግን የቡዳ ወገን አባቶች ሆኑ ይባላል። በዚህ ተረት ውስጥ ቡዳውና የዱር አራዊት ወንድማማች ናቸው። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ተረቱ ቡዳውን ከባዕድ አገር እንደመጣ አለማድረጉ ነው። ከአንድ እናት ማኅፀን የወጣ፣ ነገር ግን በድርሻ ቀን ከፊት ያልቀረበ ልጅ ነው ይለዋል። ርስት በዘር ቆጠራ በሚከፋፈልበት አገር፣ በድርሻ ቀን ያልታየ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ባላገር ሳይነገረው ያውቃል።

2. ጅብ ስለ ምን ተመረጠ?

ከአራዊት ሁሉ ጅብ የተመረጠበት ምክንያት በከፊል ከራሱ ከእንስሳው ጠባይ ይገኛል። ጅብ በሌሊት ይሄዳል፤ አጥንት ይሰብራል፤ ጥልቅ ያልሆነ መቃብር ይከፍታል፤ ድምፁም የሰው ሣቅ ይመስላል። የዥጉርጉሩ ጅብ ሴቷ በውጭ አካሏ ወንዱን ስለምትመስል፣ ጅብ ጾታውን ይለዋውጣል የሚል እምነት በጥንት ዘመን በሌሎች አገሮች ነበር፤ አሪስጣጣሊስ ይህን እምነት ስሕተት ነው ብሎ ጽፏል። እንግዲህ እንስሳው ራሱ በቅጡ የማይለይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሆኖ ይታሰብ ነበር።

ነገር ግን የጅቡ ጠባይ ብቻውን መልስ አይሆንም። ይህንን ለመረዳት ሐረርን ማየት ይበቃል። በሐረር ግንብ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በዓሹራ በዓል ለጅቦች ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ጅብ ከከተማው ጂኒን ያስወግዳል ተብሎም ይታመናል። አጥንት የሚሰብረውና በሌሊት የሚጮኸው እንስሳ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። በሐረር ጅቡ በከተማው ኑሮ ውስጥ የታወቀ ድርሻ አለው። በሰሜኑ ገበሬ ዘንድ ግን ጅብ ድርሻ ሳይኖረው የሰው ድርሻ የሚበላ ነው። የተጠረጠረውም ባለ እጅ እንደዚሁ ሆኖ ይታይ ነበር። መሬት ሳይኖረው ከመሬቱ ፍሬ ይበላል፤ ሳያርስ እህል ያገኛል፤ በቀን በሰው መካከል ውሎ ሌሊት ከመንደሩ ዳር ባለው ቤቱ ያድራል።

3. ተጓዦች የጻፉት

ስለ ጅብ መሆን ዘርዘር ያለ ጽሑፍ ከተዉልን የውጭ አገር ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ አንዱ ነው። ፒርስ ከ1805 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በትግሬና በአካባቢው ኖሯል፤ ማስታወሻውም በ1831 ታትሟል። እርሱ እንደሚተርከው፣ ጓደኛው ኮፊን ከባለ እጆች ወገን የሆነ አንድ ወጣት አሽከር ነበረው። አንድ ምሽት ገና ብርሃን ሳለ አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ ይሄዳል። ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች፣ እነሆ ጅብ ሆነ እያሉ ይጮኻሉ። ኮፊን ዘወር ሲል ልጁ የለም፤ ትልቅ ጅብ ግን በሜዳው ላይ ሲሮጥ ያያል። በማግሥቱ ልጁ ይመለሳል፤ ጓደኞቹም እንደ ልማዳቸው ይቀልዱበታል፤ እርሱም ነገሩን ከመካድ ይልቅ እውነት የሚያስመስል ሁኔታ ያሳያል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮፊን ጅብ ሲሮጥ አየ እንጂ ሰው ሲለወጥ አላየም፤ ሁለቱን ያገናኘው የሌሎቹ አሽከሮች ጩኸት ነው። ሁለተኛ፣ ተከሳሹ ራሱ ክሱን በሙሉ አለመግፋቱ ነው። የመከራከሪያ ኃይል ለሌለው ሰው መፈራት አንድ መጠጊያ ነበር። ሰው ሊሰድበው ቢደፍርም፣ ሊዘርፈው ግን ይፈራዋል።

ፒርስ ስለ ጉትቻውም ጽፏል። በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ፣ ባለ እጆች የሚያደርጉትን ዓይነት የወርቅ ጉትቻ ማግኘት የተለመደ ነገር እንደነበረ ይገልጻል። የጅብ ግልገል ከጉድጓዱ ተይዞ ጆሮው ተበስቶ ሊለቀቅ እንደሚችል ማሰብ አይከብድም። ይሁን እንጂ ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ጉትቻው እንዴት ገባ የሚለው አይደለም። በተረቱ ውስጥ ጅቡን ሰው ነው የሚያሰኘው ምልክት የአንጥረኛው የራሱ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። ጥበቡ መታወቂያው ነበር፤ መከሰሻውም ያው ጥበብ ሆነ።

ከ1843 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በአገራችን የተቀመጠው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የሚከተለውን ተረት መዝግቧል። አንድ የተከበረ ሰው ሞቶ ይቀበራል። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ቀጥቃጭ ያማረ አህያ ይዞ ይታያል፤ አህያውም በሟቹ ቤት አጠገብ ባለፈ ቁጥር እየጮኸ ወደ ቤቱ ሊገባ ይታገላል። የሟቹ የበኩር ልጅ፣ ይህ አህያ አባቴ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀጥቃጩን ያስይዛል። ቀጥቃጩም በግድ አህያውን ወደ ሰውነት መመለስ ይጀምራል፤ ነገር ግን አንድ እግር ሲቀር ከልጆቹ አንዱ በቁጣ ቀጥቃጩን ይገድለዋል። ሰውየውም ባለ አንድ ሰኮና ሆኖ ቀረ ይባላል።

ይህ ተረት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። በዕለት ኑሮ ባለ እጁ ለባለ ርስቱ ይሠራ ነበር፤ በተረቱ ባለ ርስቱ ለባለ እጁ ጭነት ተሸካሚ ሆነ። ተረቱ የባለ ርስቱን ፍርሃት ገልብጦ ያሳየናል። መጨረሻውም ግድያ ነው፤ ለገዳዩም ምክንያት ተዘጋጅቶለታል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማ ልጅ፣ ቀጥቃጭ ቢገደል ጥፋቱ የቀጥቃጩ ነው የሚል ትምህርት ይዞ ያድጋል።

4. የባለ እጁና የመሬት ታሪክ

ባለ እጆች ሁሉ ከአንድ ወገን አልነበሩም። ታሪካቸው ይበልጥ የታወቀው ግን ቤተ እስራኤል፣ ቀድሞ ሌሎች ፈላሻ ይሏቸው የነበሩት፣ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ እናተኩራለን። ጄምስ ኩዊሪን በ1992 ያሳተመው የቤተ እስራኤል ታሪክ ለዚህ ክፍል ትልቅ እርዳታ ሰጥቶናል።

በትውፊት እንደሚነገረው ዓፄ ይስሐቅ (1414–1429) ድል ካደረጉ በኋላ፣ ክርስትና ያልተነሣ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ወስነዋል፤ ፈላሻ የሚለውም ስም መሬት ከማጣትና ከመፍለስ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ርስቱን ያጣ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ጭሰኛ ሆኖ ማረስ ወይም መሬት በማይጠይቅ ሥራ መተዳደር። ብረት ማቅለጥ፣ ሸክላ መሥራትና ሽመና መሬት አይጠይቁም። ስለዚህ ብዙዎቹ በየጊዜው ወደ እጅ ሥራ ገቡ። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1607–1632) የስሜኑ መሪ ጌዴዎን ከተሸነፈ በኋላ የነበራቸው የራስ አስተዳደር አበቃ።

በጎንደር ዘመን ግን ነገሩ ለጊዜው ተሻሻለ። ዓፄ ፋሲለደስ ከ1636 ጀምሮ ጎንደርን ከተማቸው ካደረጉ በኋላ ግንበኛ፣ አናጢና ቀጥቃጭ ተፈላጊ ሆነ። ከቤተ እስራኤል ብዙዎች በቤተ መንግሥትና በአብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ ሥራ ላይ ተሰማሩ፤ ለአንዳንዶቹም መሬትና የማዕረግ ስም ተሰጣቸው። ባለ እጁን ጠቢብ የሚለው ቃል ክብርን ያመለክት ነበር። ጠይብ የተባለው የመናቂያና የመጠርጠሪያ ስም ከዚያው ሥር የወጣ መሆኑ ብቻውን አንድ ታሪክ ይነግረናል።

ከ1769 እስከ 1855 የቆየው ዘመነ መሳፍንት ይህንን ሁሉ አፈረሰ። ሕንፃ የሚያሠራ ንጉሥ ጠፋ፤ የተሰጠውም መሬት በኃይለኞች እጅ ገባ። ባለ እጁ ከንጉሥ ጥበቃ ወጥቶ በየመንደሩ በገበሬው ፈቃድ የሚኖር ሆነ። ፒርስና ፓርኪንስ የጅቡን ታሪክ የሰሙት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ማለት እምነቱ በዘመነ መሳፍንት ተፈጠረ ማለት አይደለም። ነገር ግን ባለ እጁ ጠባቂ ባጣበት ጊዜ ክሱ በግልጽና በብዛት እንደተሰማ መገመት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት የባለ እጁን ጥቅም ተረድተው ነበር። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ አቋቁመው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ በ1867 አሠርተዋል። ዓፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛውን በሥራው ስም እየጠሩ መስደብን ከልክለዋል፤ ስድቡ የእጅ ሥራን የሚያጠፋና አገርን የሚጎዳ መሆኑንም አስረድተዋል። አዋጁ አስተዋይነት የተሞላበት ነው፤ ሆኖም ስድቡን ከለከለ እንጂ ለተሰዳቢው መሬት አልሰጠም። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. እስከ ወጣበት ጊዜ ድረስ በብዙ ሥፍራ ባለ እጁ የሚያርሰው የራሱ መሬት አልነበረውም።

5. ሌሎች አስተያየቶች

ከላይ የሰጠነው ማብራሪያ ተቃዋሚ የለውም አንልም። ሬሚኒክ የቡዳን እምነት ከቅናትና የበላይነትን ከማጣት ፍርሃት ጋር ያያይዘዋል። ሐጋር ሰላሞን በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ባሳተመችው፣ ርእሱም የጅብ ሰዎች በሆነው መጽሐፏ፣ የጅቡ ምስል በክርስቲያንና በቤተ እስራኤል መካከል የነበረውን የሃይማኖት ድንበር እንደሚገልጽ አሳይታለች። ቶም ቦይልስተን ደግሞ በ2018 ባሳተመው የዘጌ ጥናቱ ነገሩን ከምግብ፣ አብሮ ከመብላትና ከባርነት ዘር ቆጠራ ጋር አገናኝቶታል።

እነዚህ አስተያየቶች የእኛን ሐሳብ የሚያፈርሱ አይመስለንም። ቅናት በሰው ሁሉ አለ፤ ጅብ ተብሎ የሚከሰሰው ግን ሰው ሁሉ አይደለም። የሃይማኖት ልዩነትም ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም በብዙ ሥፍራ ቡዳ የተባሉት ባለ እጆች ራሳቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ከባርያ ዘር ተቆጠረ የተባለው፣ ከፋቂ ወገን የተወለደው፣ ከቤተ እስራኤል የሆነው፣ ሁሉም የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ በዘር ቆጠራ ከርስት አይገቡም ነበር።

የሚቀረው አንድ ከባድ ጥያቄ ነው። መሬት ማጣት የእምነቱ ምክንያት ከሆነ፣ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ እምነቱ መጥፋት ነበረበት ሊባል ይችላል፤ አልጠፋም። የዚህ መልስ እንደሚመስለን፣ ክስ ከመነሻው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። መሬት በአዋጅ በአንድ ቀን ይታደላል፤ ጋብቻና አብሮ መብላት ግን በአዋጅ አይታዘዙም። ተረቱም በእናቶችና በአያቶች አፍ ሲተላለፍ፣ ያስነሣው የመሬት ጉዳይ ተረስቶ ጅቡ ብቻ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ሰው ጅብ ይሆናል የሚለውን ታሪክ ባላዋቂነት ብቻ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ምንም አያስተምርም። ከላይ እንደተመለከተው፣ የተረቱ ዝርዝሮች፣ አመዱም፣ ጉትቻውም፣ የተሰረቀው ሬሳም፣ ከባለ እጁ ሥራና ከባለ ርስቱ ፍርሃት የተወሰዱ ናቸው። በቀን ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን የሠራለትን ሰው ገበሬው በእኩልነት ሊቀበለው ስላልወደደ፣ በሌሊት የሚሆነውን መልክ ሰጠው። ለውጡ የተፈጸመው በተከሳሹ ሥጋ ላይ ሳይሆን በጎረቤቶቹ ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ሆኖም የተጎዳው ሥጋው ነበር።

በየክፍለ ሀገሩ ተረት የሚሰበስቡ ጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። የቡዳ ታሪክ በሚሰሙበት ጊዜ ተረቱን ብቻ ጽፈው አይመለሱ። ነጋሪው ማን ነው? ጅብ ሆነ የተባለው ሰው ሥራው ምን ነበር? ቤቱ በመንደሩ መካከል ነበር ወይስ በዳር? መሬት ነበረውን? ከማን ጋር ተጋባ? ስሙ ከተጠራ በኋላ ምን ደረሰበት? ከሁሉም በላይ፣ የተከሳሹ ልጆች ያንኑ ታሪክ እንዴት እንደሚናገሩት ይጠየቁ። እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው ጅቡን አየሁ ከሚሉት አፍ የተወሰደ ነው፤ ጅብ ከተባሉት ወገን ሊጻፍ የሚገባው ግን ገና ብዙ ቀርቷል።